ወደ ግራ ስገፋው ወደ ቀኝ የሸሸው ሽንኩርት

የኔ አባቢ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ አሁን ቡልጋሪያ አካባቢ ነው የምንኖረው። እማዬ የለገሃሩን ሱቅህን አልዘጋችውም፤ ሞባይል ጥገናው ቀርቶ ቻርጀርና ከቨር ትሸጥበታለች። ማይክሮስኮፕህ ጠረጴዛህ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ አለ።

እኔም አንድ ዓመት አቋርጬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የምቀመጠው ከኋላ ነው። ስሜ ሲጠራ እንኳ በግድ ነው አቤት የምለው፤ ታውቀኝ የለ። ዛሬ የሆነውን ግን ላንተ ካልነገርኩ ልቤ ሊፈነዳ ነው!

የባዮሎጂ መምህራችን ማይክሮስኮፕ አምጥተው እንዴት እንደሚሠራ አስረዱን። ከዚያ የሽንኩርት ልጣጭ አስቀመጡበትና፣ ሴሎቹን አግኝቶ ለክፍሉ ያሳየ የላብራቶሪ ክበብ ይገባል አሉ። ያንን ክበብ ስንት ጊዜ በመስኮት እያየሁ አልፌዋለሁ መሰለህ። እጄን አወጣሁ። እኔ!

ከዚያማ ጉድ ሆንኩ። ሱቅህ ውስጥ እንደለመድኩት ልጣጩን ወደ ግራ ስገፋው ወደ ቀኝ ሸሸ። ወደ ላይ ሳደርገው ወደ ታች ሄደ። ከኋላዬ አንዱ «ሽንኩርቱ ጠልቶሻል፣ ተይው በቃ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ፊቴ ጋለ። ልቀመጥ ስል የስልክ ቦርድ ስትበይድ ታየኸኝ። እጅህን ወደ ግራ ስትወስድ በማይክሮስኮፑ የምናየውም ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ልትወለውለው ስትፈታው ያሳየኸኝ ፕሪዝሞች፣ እነዚያ ባለ ማዕዘን መስታወቶች፣ ለካ ለዚህ ነበሩ! የትምህርት ቤቱ ፕሪዝም የለውም። የታችኛው ሌንስ ምስሉን አጉልቶ ይገለብጠዋል፤ የላይኛው ያንኑ የተገለበጠውን እንደገና ያጎላዋል። ያንተው ግን ከስሩ እጅ ስለሚሠራ፣ በፕሪዝሞቹ ምስሉን መልሶ ያቃናዋል።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩት አባቢ። ልጣጩንም በተቃራኒው ስገፋው ሴሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ብቅ አሉ። ያ የሳቀብኝ ልጅ «እስቲ እኔም ልይ፣ በናትሽ» ብሎ ተሰለፈ።

መምህሩ ደግሞ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ እንዳለ ነገሩን። ሌንሱ መስታወት ሳይሆን ማግኔት ነው! ምስሉ ስክሪን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የኛዎቹ የማይደርሱበትን ደቃቅ ነገር ሁሉ ያሳያል። ብትኖር ኖሮ ስለሱ ስናወራ ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር።

ክበቡ ገባሁልህ። እማዬ ስነግራት አቅፋኝ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

እስከ ዛሬ አንተን ሳስብ የሚመጣብኝ የታመምክበት አልጋ ነበር። ዛሬ ግን ጤነኛ ሆነህ፣ ሥራህ ላይ ሆነህ መጣህልኝ። ከእንግዲህ የማስታውስህ እንደዚያ ነው፤ ወንበርህን ለቀህልኝ «ነይ እዪ» ስትለኝ።

ልጅህ