ገና ላልተሰጠን ሥልጠና ስላፈሰስኩት የደስታ እንባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን።
የአየር ጠባይ፦ ከጠዋት ጀምሮ ያላባራ ዝናብ።
የተገኙ፦ የጽሕፈት ቤትዎ አስተባባሪ፤ የኮሌጁ መምህር፤ የማሽን አቅራቢው ድርጅት ተወካይ፤ የሆስፒታሉ አስተዳደር ተወካይ፤ ፎቶ አንሺ፤ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል እኛ ስድስታችን።
ያልተገኙ፦ ክቡርነትዎ፣ በሥራ መደራረብ ምክንያት። ሥልጠናውም አልተገኘም፤ ምክንያቱ አልተገለጸም።

ለዕድሜ ልክ ትምህርትና የሥራ ክህሎት የአጋርነት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም መፈረም የማይደክመው ቀኝ እጅዎ ደኅና እንዲሆንልን የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በምሳ ዕረፍቴ፣ በቆሻሻ ልብስ መለያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ስለሆነ ወረቀቱ በረኪና በረኪና ቢልብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ የተረሳ እስክሪብቶ አርባ አንሶላ ሰማያዊ ስለሚያደርግ፣ ልብስ ወደ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። ከኪስ የሚወጣውን የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ካርድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ግማሹ የተቀደደ የፍቅር ደብዳቤ ባለቤቱ እስኪመጣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጥ ነበር፤ ባለቤቱ ሲቀር ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ስለተማርኩ፣ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ እንደ መጥሪያ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ማዘዣ ቢሆንብዎ አይግረምዎ። «የዕድሜ ልክ ትምህርት» የሚለውን የጽሕፈት ቤትዎን ስም መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ስለ እኔ የተባለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ክቡርነትዎ ቁጥር እንደሚወዱ ከሪፖርትዎ ተረድቻለሁ።

1ኛ. ከሦስት ወር በፊት አዲሱ የእንፋሎት መተኮሻ ማሽን ገባልን። አሮጌው ሲግል ያፏጭ ነበር፤ ይህኛው አያፏጭም፣ አንዲት ቢጫ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ብልጭታው «ጠብቂ» ይሁን «ቀጥዪ» ወይም «ሽሺ» እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም። መመሪያው ሰማንያ አራት ገጽ ሲሆን ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አጥንቻቸዋለሁ፤ በአሥራ ሁለተኛው ሥዕል በአንድ እጅ ላይ ቀይ መስቀለኛ መስመር ተሰምሯል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይልም።

በዚያው ሰሞን ጽሕፈት ቤትዎ አራት አጋሮች ተቀናጅተው የሦስት ቀን ሥልጠና እንደሚሰጡን የሚያበሥር ባለቀለም ወረቀት ከነአራት ማኅተሙ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ለጠፈ። በዚያ ወረቀት ላይ «አጋር» የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ፣ «ማሽን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ተጽፏል። ጠብቀን ጠብቀን ስንጠይቅ ኮሌጁ ማሽኑን የሚያውቀው አቅራቢው ነው አለን፤ አቅራቢው ውሌ ማሽን መትከል እንጂ ሰው ማስተማር አይደለም አለን፤ ሆስፒታሉ የሥልጠና ነገር የጽሕፈት ቤቱ ነው አለን፤ ጽሕፈት ቤትዎም በበኩሉ አጋሮቹን ጠይቁ አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል እሰማ ነበር። አንዱ ሎሚ የአራት ሰው ሲሆን መሬት እንደሚወድቅ ያሳዩን ክቡርነትዎ ነዎትና ስለዚህ ትምህርት ከልብ እናመሰግናለን።

2ኛ. ቀጭኗ እያልን የምንጠራት የሥራ ባልደረባችን ከስድስት ሳምንት በፊት ቢጫዋ መብራት ብልጭ ስትል የማሽኑን ክዳን ከፈተች፤ እንፋሎቱም ግራ ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ላጠው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን አስቀድመን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን ነበር፤ ማመልከቻዎቹ ፋይል ውስጥ በደኅና እንደተቀመጡ ተነግሮናል። ቀጭኗ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ሆስፒታል ውስጥ ተቃጥላ ሆስፒታል ውስጥ በመታከሟ «ሩቅ አልሄድኩም እኮ፣ ደረጃ ነው የወጣሁት» እያለች ትቀልዳለች። ነገር ግን የጥንቃቄ ጉድለት ፈጽመሻል ተብላ የፊታችን ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ከሥራ መባረሯና አለመባረሯ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ስትቃጠል ሥልጠና ወስዳ ነበር ወይስ አልወሰደችም? ይህቺን ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ የቀረው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህች ነው።

3ኛ. ባለፈው ማክሰኞ አስተባባሪዎ ክፍላችንን ጎበኙ። ልብሳቸው እንዳይነካ ነጭ ጋውን አዋስናቸው፤ ሲሄዱም ለእጥበት ትተውልን ሄዱ። ከመለያው ወደ ማሽን ካለፍኩ ዓመታት ቢቆጠሩም እጄ ልማዱን አልተወምና ኪሱን ፈተሽኩ። በአራት የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን የተማርኩት በነውር ነው።

የሐሙሱ የምስክር ወረቀት አሰጣጥ ሥነ ሥርዓት ቃለ ጉባኤ ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ በማክሰኞ ዕለት። «ዕለቱ ፀሐያማ ነበር» ይላል። «ሥልጠናው በታላቅ ስኬት ተጠናቋል» ይላል። ዝቅ ብሎም በተራ ቁጥር አራት ላይ የሰፈሩት ሠልጣኝ ጓደኞቻቸውን ወክለው፣ የደስታ እንባ እየተናነቃቸው፣ «ከጨለማ ወደ ብርሃን ወጣን» ማለታቸውንና ታዳሚውም በሞቀ ጭብጨባ እንደተቀበላቸው ይዘግባል። ተራ ቁጥር አራት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ያለቀስኩባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ ከሁለት ቀን በፊት ቃለ ጉባኤ የተያዘለት አንድም አላስታውስም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ወረቀቱን ቃል በቃል ገልብጬ ያዝኩ። ዋናውን ግን ተኩሼ፣ በፖስታ አድርጌ ለአስተባባሪዎ መለስኩላቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው «እትዬ፣ ይሄ እኮ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ ማለት ገና ያልሆነ ነገር ማለት ነው» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ከሥልጠናችሁ ካገኘሁት እውቀት ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ብቸኛው ስለሆነ።

4ኛ. ዛሬ በዝናቡ ምክንያት ወንበሮቹ ከግቢው ወደ ኮሪደር ገቡ። ቀጭኗ ፋሻዋ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ከሁላችን ኋላ እንድትቆም ተደረገ። ሳቂታዋ የምንላት ጓደኛችን «አንቺ ብርሃኑ ገና ስላልደረሰሽ ነው፣ እዚያው ጨለማው ጋ ቁሚ» ብላ አሳቀቻት። ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ፤ እንባው አልመጣም። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ስትል ክዳኑ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም ብዬ ጠየቅሁ፤ ንግግሬ ይህችው ነበረች። ስጨርስ በሞቀ ጭብጨባ ተቀበሉኝ፤ መርሐ ግብሩ ላይ ስለነበረ። የኮሌጁ መምህርም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ጥያቄዬ በሦስተኛው ምዕራፍ እንደሚሸፈን ነገሩኝ። አንደኛውና ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንዳለፉ ልጠይቃቸው ስል ፎቶ ተነሱ ተባልን።

5ኛ. ከፎቶው በኋላ የስድስታችን ስም የሰፈረበት አንድ የሥልጠና መከታተያ ቅጽ ተሰጠን፤ እስከ ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ፈርመን እንድንመልስ። የሦስቱ ቀን ሥልጠና የተሰጠበት ቀን ተሞልቶ ነው የመጣው። ቀኖቹ የዛሬ ስምንት ሳምንት ናቸው። ቀጭኗ የተቃጠለችው የዛሬ ስድስት ሳምንት ነው። መቀነስ የተማርኩት ስንት ክኒን ቀረ ከሚል ማዘዣ ነውና ልሳሳት እችላለሁ፤ በእኔ ስሌት ግን እኛ ስንፈርም ቀጭኗ ሠልጥና ሁለት ሳምንት ከቆየች በኋላ የተቃጠለች ሴት ትሆናለች። የክንዷ ጥፋተኛም ክንዷ ራሱ ይሆናል። ለአራቱ አጋሮች ይህን የመሰለ ምቹ ቀን ከዓመቱ ቀኖች መካከል በአጋጣሚ መገኘቱ ያስደንቃል፤ እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት አጋጣሚ ሲበዛ ኪስ መፈተሽ እወዳለሁ።

የክፍል ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ ቅጹን ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩም፤ ያልፈረመ ሰው ማረጋገጫ ስለማይኖረው ማሽን ላይ መቆም እንደማይችልና ወደ መለያው እንደሚመለስ ለግድግዳው ነገሩት። መለያ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ደም ያለበትን አንሶላ ከሌለበት በእጅ መለየት ነው። ቀጭኗ ራሷ መጥታ «እትዬ፣ ፈርሚና እንገላገል። በእኔ የተነሣ ስድስት ሰው ደም ሲለይ አይዋል» ብላ ለመነችኝ። አምስት ሰው ለማዳን አንድ ሰው ራሷን ስታቀርብ፣ አጋርነት የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

6ኛ. ቀጭኗና ሳቂታዋ መጻፍ አይችሉም። ለሁለቱ ከቅጹ ጋር የአውራ ጣት ቀለም ከጽሕፈት ቤትዎ ተልኮላቸዋል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ማን መጻፍ እንደማይችል ያውቃል። ያውቃል፤ ቀለም ይልካል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ሥልጠናው እንዳልተሰጠ የሚያረጋግጥ አንድ መስመር ይጻፉልን። አጋር ብሎ ዘጠኝ ጊዜ ለጻፈ ቢሮ አንድ መስመር ይከብደዋል ብዬ አላምንም።

በተረፈ ስለ ምስክር ወረቀቱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ጋውን ውስጥ ቢረሳ እንኳ አንድ እጥበት ሳይፈርስ ያልፋል።

ከጨለማ ወደ ብርሃን መውጣቷን ሁለት ቀን ቀድማ ያነበበች፣
የክቡርነትዎን የሁለቱንም እጆች ጤንነት ከእንፋሎት ሁሉ አብልጣ የምትመኝ፣
ታዛዥዎ ለመሆን ሥልጠና የምትጠባበቅ፣
ተራ ቁጥር አራት፣ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ፣ ለአቅራቢው ድርጅትና ለሆስፒታሉ አስተዳደር፤ አንዱ ሌላውን ጠይቁ እንዳይል ለየብቻ ተልኳል።
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ከባለቀለሙ ወረቀት ጎን።

ድኅረ ጽሑፍ። ዓርብ። ዝናቡ አባርቷል። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ያደረግሁትን ልጨምርልዎ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ማሽኑን አላበራሁም። ቅጹን በማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በስሜ ትይዩ፣ የፊርማ ቦታ ላይ «አልተማርኩም» ብዬ ጻፍኩ። መጻፍ የሚችሉት ሦስቱ ጓደኞቼ ተራ በተራ ይህንኑ ጻፉ። አንዷ እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች፤ የገፋፋት የለም፤ ጻፈች። ቀጭኗ የቀለሙን ሳጥን ከፍታ አውራ ጣቷን ልትነክር ስትል ሳጥኑን ዘጋሁትና እርሳስ ሰጠኋት። «በእኔ ዕድሜ?» አለችኝ፤ የጽሕፈት ቤታችሁን ስም ነገርኳት።

ሰባት ፊደል ነው። ተቀዶ ሊጣል በተለየ አንሶላ ላይ ትልቅ ትልቅ አድርጌ ጻፍኩላቸው፤ አ፣ ል፣ ተ፣ ማ፣ ር፣ ኩ፣ ም። ሳቂታዋ «ማ»ን አራት ጊዜ አበላሽታ «ይቺ እንደ አማቴ ናት፣ በየት በኩል እንደምትይዣት አይታወቅም» አለች። ቀጭኗ ግራ እጇ ገና ስለማይታጠፍላት አንሶላውን እኔ ወጥሬ ያዝኩላት። አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለቱም በየስማቸው ትይዩ በገዛ እጃቸው «አልተማርኩም» ብለው ጻፉ። ለሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ፦ የተሰጠ ሥልጠና፣ አንድ፤ ሠልጣኝ፣ ሁለት፤ አጋር፣ የለም። ቀለሙን ጣት ሳይነካው ከቅጹ ጋር መልሰናል።

እርሳሱን ስቀበላት ቀጭኗ «ተማርኩ ለማለትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንሶላው ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች በአንድ እጄ፣ የመጨረሻዋን በሌላው ሸፈንኩላት። የቀረውን አየችው። ከዚያም እርሳሱን መልሳ ወስዳ እዚያው ጥግ ላይ ጻፈችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ቅጹን ለመዝገብ ቤትዎ አስረክቤ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም እስኪመታ ቆሜ ጠበቅሁ። ቅጂውን ለሰኞ ለቀጭኗ ሰጠኋት። አንሶላውን አልላክንልዎትም።