የአባባ መሀረብ

የካ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ ጠዋት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሐዋሳ ሙቀት ስለሆነ እንደዚህ እንደኛ ሰፈር ብርድ አይቆረጥምሽም ብዬ እጽናናለሁ። እህቴ ፀዲስ አራስነቱ ተስማማት? ትንሿስ ሌሊት ታስተኛችኋለች ወይስ እንደ እናቷ ጯሂ ሆነች? በእኛ በኩል ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ሁላችንም ስል ስንት ሰው ማለቴ እንደሆነ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። አንደኛ፣ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ስለ እሳቸው እሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ላውራ? ሁለተኛ፣ አንቺ ገና ግማሹን ሳልነግርሽ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፤ አራስ ቤት ደግሞ ለቅሶ ደግ አይደለም። ስለዚህ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው ሱፊያን ወደዚያ ሲወርድ የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውንና ይህን ደብዳቤ ሰጠሁት። ቅቤው ለፀዲ፣ ደብዳቤው ላንቺ። ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

መጨረሻውን አሁኑኑ ልነግርሽ ምላሴን እየበላኝ ነው። ግን አልነግርሽም! እኔ በጭንቀት ላብ በላብ ሆኜ ያየሁትን አንቺም ትንሽ ተጨነቂበት።

መቼም ሁለት ፋሲካ እንዴት እንዳለፈን ታውቂዋለሽ። ፍቅረማርያም ድቁናውን ትቶ ምትሃት ማሳየት የጀመረ ጊዜ፣ ያቺ ወሬኛ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ መጥታ፣ አባ ልጅዎ ከአፉ ክር ሲመዝ ይዩልኝ፣ ይሄ የጋኔን ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብላ አሳየቻቸው። አባባም ይህን ነገር እስኪተው ድረስ መስቀሌን አይሳለምም አሉ። አለቀ። ታክሲ ውስጥ የማያውቁት ረዳት ጎንበስ ሲልላቸው መስቀላቸውን ከኪሳቸው መዝዘው የሚያሳልሙ ሰው፣ የገዛ ልጃቸው በር ላይ ሲቆም እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። እሱም እልኸኛ ነው፣ ከማን እንደወረሰው እኔ አልናገርም። አገር የሚሳለመውን መስቀል ካልተሳለምኩ ቤቱም ይቅርብኝ ብሎ መገናኛ ክፍል ተከራየ። በዓል በመጣ ቁጥር አንቺ የዶሮውን ወጥ ሸፋፍነሽ በጓሮ በር ስታቀብዪው አንጀቴ ያርር ነበር።

ዘንድሮስ አይሆንም አልኩ፤ ዘንድሮ ተንኮል አሰብኩ። ላንቺ እንኳ አልነገርኩሽም፤ እማዬ ሚስጥር አትችልም፣ ገና አባባ ሳይጠይቋት ፊቷ ይናገራል ብዬ። ይቺን ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ እንስቅባታለን።

መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ማታ፣ ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ እራት ያደርጋል። ዘንድሮ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያለ አንድ አዳራሽ ያዝን። ትርዒት ይኑር ሲባል ዘፋኙ ውድ ነው፣ ኮሜዲያኑ አለቃችንን አቶ ሣህሌን ዘልፎ ጣጣ ያመጣብናል፣ ይልቅ ጆኒ የሚባል ምትሃተኛ አለ አልኩ። ፍቅረማርያምን የሚያህል ስም ጥሎ ጆኒ መባሉ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጠቀመኝ፤ ማን እንደሆነ የጠረጠረ የለም። ቀጥዬ ደግሞ ዳቦውን የሚባርክ ካህን እኔ አመጣለሁ አልኩ። አጨበጨቡልኝ እኮ!

ለአባባ፣ ባርከው ዳቦ ይቆርሱልናል ብቻ አልኳቸው። ውሸት ነው? አይደለም። ለፍቅረማርያም ግን ገና በጾሙ እውነቱን ነግሬው ነበር። አባባ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፈርቶ መስሎኝ አዘንኩለት።

በፋሲካ ዕለት ስትደውዪ፣ ነገ ማታ ሲወጡ መሀረባቸውን እንዳይረሱ አደራ አላልሽኝም? እኔ ሞኟ፣ የእንጦጦ ብርድ አፍንጫቸውን እንዳያስቸግራቸው ነው ብዬ ያቺን ጠርዟን ሰማያዊ ሐረግ የጠለፍሽላቸውን ነጭ መሀረብ በካባቸው ኪስ ከተትኳት።

የቢሮ ጓደኛዬ ኢልሃም በመኪናዋ ወሰደችን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሙስሊሙ ምግብ ለብቻው ተዘርግቷል፤ ኢልሃም ከዚያ ሳህኗን ሞልታ መጥታ እኛ ጋ ተቀመጠች። አባባ ያን ሁሉ ጾም ጾመው ሰውነታቸው ቢያልቅም ዶሮውን ደህና አድርገው በሉ፤ ያንቺን አያክልም አሉ እንጂ። መድረኩ መሐል በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ከትርዒቱ በኋላ ይቆረሳል ሲባል አባባ የምን ትርዒት ነው አሉኝ። ሙዚቃ ነገር አለው አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሙዚቃም ነበረው።

መብራቱ ደብዘዝ አለና ፍቅረማርያም ጥቁር ኮት ለብሶ ገባ። እማዬ፣ እንዴት እንዳማረበት! ፊቱን ገና ወደኛ ሳያዞር አባባ ከአረማመዱ አወቁት። እጃቸው ከሳህኑ ላይ ቀረች። ከዚያ ጭራቸውን አንስተው ሊነሱ ሲሉ የካባቸውን ጫፍ ያዝኩ። እግዜር ይስጣት፣ ኢልሃም ምንም የምታውቀው ነገር ሳይኖር፣ አባ የት ሊሄዱብን ነው፣ ገና መጀመሩ እኮ ነው ብላ ለመነቻቸው። ይሉኝታቸውን ታውቂያለሽ፤ ሰው ማዕድ ላይ ተነሥተው አይሄዱም። ተመልሰው ተቀመጡና ዐይናቸውን ጣራው ላይ ሰቀሉ።

ልጅሽ ግን ጣራውንም አስረሳቸው። ገመድ ቆርጦ ቀጠለ፤ ባዶ ብርጭቆ በውሃ ሞላ፤ ከአቶ ሣህሌ ጆሮ ውስጥ እንቁላል አወጣ። እንቁላሉን ለሕዝቡ እያሳየ፣ ደግነቱ ጾሙ ተፈታ፣ ባለፈው ሳምንት ቢሆን የሚወጣው ሽምብራ ነበር አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በጎን ሰርቄ አየሁ፤ የአባባ ጢም ተንቀሳቀሰች። ሳቁ አልልሽም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቅሳለች፤ እምላለሁ።

ከዚያ ከመድረኩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደኛ ጠረጴዛ መጣ። ከፊታቸው ቆመና አባቴ መሀረብዎን ያውሱኝ አላቸው። ሕዝቡ ምንም አላወቀም፤ ለማንኛውም ካህን የተናገረ ነው የመሰለው።

አባባ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ እፎይ ልል ነበር፤ ያወጡት ግን መስቀላቸውን ነው። ወደ እሱ ዘርግተው፣ ትችል እንደሆነ ይህን ሰውር፣ ያ የሚያግዝህ ነገር ይህን ከቻለ እናያለን አሉት። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በቃ ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድኩት፣ ከእንግዲህ ጓሮ በርም አይመጣም አልኩ።

ፍቅረማርያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሁለቱን እጆቹን ወደ ጀርባው አደረገ። አባባ፣ ይሄ መጫወቻ አይደለም፣ እጄን አላነሳበትም፣ ሰውርልኝ ያሉኝ ንጉሥ ቢሆኑም አላደርገውም አላቸው። ሕዝቡ ፊት አባባ ብሎ ጠራቸው። ከዚያ መስቀሉ እንደተዘረጋ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሰጠ።

እንግዲህ እማዬ፣ አስቢው። መስቀል ተዘርግቷል፤ ከፊቱ ሰው ጎንበስ ብሏል። ዕድሜ ልኳን ስታሳልም የኖረች እጅ ምን ታድርግ? ግንባሩን ነካች፤ ወደ አፉ ወረደች፤ እሱም ሳመ። እግዚአብሔር ይፍታህ የሚለው ቃል ከአባባ አፍ ከወጣ በኋላ ነው እሳቸው ራሳቸው የነቁት። ደንግጠው እጃቸውን አዩዋት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለቻቸው። እሱ ደግሞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰዉ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ፤ ኢልሃም አመመሽ ወይ ትለኛለች።

አባባ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በዝግታ መሀረቡን አውጥተው ሰጡት።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገርሽ፤ እጄ እየዛለ ነው። መሀረቡን በጡጫው ውስጥ ሰገሰጋት፤ እፍ አለ፤ ጡጫውን ከፈተ፤ የለችም! ኮቱን አራገፈ፤ የለችም። ዳቦውን ይባርኩልን ብሎ አባባን ክንዳቸውን ደግፎ መድረክ ላይ አወጣቸው። ጸሎቱን አደረሱ፤ በቢላዋው መስቀል ሠርተው ቆረሱ። ቢላዋው መሐል ላይ ሲደርስ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። አባባ ሳብ አደረጉት። መሀረብ! ሰማያዊው ሐረግ እንዳለ። አዳራሹ ቆሞ ጮኸ።

እሳቸው ግን አልጮኹም፤ አላማተቡምም። መሀረቡን ዘረጉ፤ ጥጉን አገላብጠው አዩ፤ ሌላውንም ጥግ አዩ። በስመአብ፣ አሁን ጋኔን ነው ብለው ሊጥሉት ነው አልኩ። አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። ከዳቦው የመጀመሪያውን ቁራሽ፣ በቤታችን አንቺ ሳትቀምሺው የማንነካውን፣ አንሥተው ለፍቅረማርያም በእጃቸው አጎረሱት። እማዬ፣ ያን ያየች ዐይኔ ትባረክ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እየዞርኩ ለመቶ ሰው አባቴና ወንድሜ ናቸው ስል፣ አቶ ሣህሌ ለዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የከፈልነው ወይ ብለው ሳቁ።

ማታ ስንመለስ ፍቅረማርያም አብሮን መጣ። በሩ ላይ ግን ቆመ፤ ልማድ ሆኖበት። አባባ ዞር ሳይሉ፣ ብርድ አታስገባብን፣ ግባና ዝጋው አሉት። ገባ። እልል በይ እንግዲህ!

ግን ገና አላለቀም። አባባ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ። የእኔን መሀረብ ስጠኝ አሉት። እሱ ምን አባባ፣ ከዳቦው ውስጥ ወሰዱ አይደል እንዴ አለ። እሳቸውም፣ የእኔዋ ጥጓ ላይ የጧፍ ጠብታ አለባት፣ ይህቺ ግን ሳሙና እንኳ አይታ አታውቅም አሉት። ልጅሽ እንደ ቲማቲም ቀላ። ከእጅጌው ውስጥ ሌላዋን መዝዞ መዳፋቸው ላይ አኖራት። ሁለቱን ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ያው ሐረግ፣ ያው ሰማያዊ ክር፣ ያው እጅ። እዚያ መድረክ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አውቀው ኖሯል ዝም ያሉት! ከዚያ ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ጋኔን እንዲህ አይጠልፍም፣ የዚህን ባለቤት አውቃታለሁ አሉና ወደ መኝታቸው ገቡ።

እማዬ! አንቺ ነሽ ሚስጥር የማትችዪው? ጾሙን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ ብለሽ የምትጠልፊው ለፀዲ ልጅ አልነበረም? እኔ ገና ሥራውን ስጠቅስለት ይህ አፈኛ ልጅ ሮጦ ላንቺ ነግሮሻል! እኔ ትልቋ ተንኮለኛ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ለካ ስታዪኝ በሆድሽ ትስቂብኝ ነበር። ይቅር ብያለሁ፤ እንዲያውም ኮራሁብሽ።

ይኸው ፍቅረማርያም አሁን በጓዳ ዳቦ እየፈለገ ዕቃ ያንኳኳል። ሁላችንም ያልኩሽ ይህንን ነው። ለፀዲ ማርያም ጡቷን ትሙላላት፤ ትንሿን በስሜ ሳሚልኝ። ለክርስትናዋ ሦስታችንም አንድ ላይ እንመጣለን፤ እስከዚያ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደስታሽን ያብዛልኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ

ልዘጋው ስል አባባ በትከሻዬ በኩል አጮልቀው አዩና ይህን ጻፊላት አሉኝ፦ ለሚቀጥለው ትርዒት አንድ ሌላ ትጥለፍ፤ ግን ጥጉ ላይ ጧፍ ማንጠብጠብ እንዳትረሳ።