ጠበቅ እና ላላ

ጥቅምት 3 ቀን 2005
ወፍጮው ዛሬም ጭሱ በዛ። በቆሎ ያስፈጨች ሴት ዱቄቱን አሸተተችና “ናፍጣ ናፍጣ ይላል” ብላ አኩርፋ ሄደች። እውነቷን ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው መካኒክ ዳባሶ መጥቶ ሞተሩን ፈታው። ሁለቱም ፒስተኖች ተበልተዋል።
“ጋሼ፣ ይሄ ሞተር በዕድሜ ይበልጠኛል። የራሱ ዕቃ ከየት ይመጣል? የዘመኑን እናለብሰዋለን።”
ባለቤቴ ወለተሐና፣ ነፍሷን ይማር፣ ትታልኝ የሄደችው ይህንን ነው። ሲሠራ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል... ይቆምብኝ ይሆን?

ጥቅምት 11
ፒስተኖቹ ከአዲስ አበባ መጡ። አነሣኋቸው... ቅልል ያሉ! አሮጌው እንደ ዘነዘና ይከብድ ነበር።
“ቆርቆሮ አመጣህልኝ?”
“አሉሚኒየም ነው። ብረቱም እንደ ሰዉ ቀሏል ጋሼ!” ሳቀ። ምን ማለቱ ነው? ሞተሩን ጋራዡ ወሰደው። አሮጌዎቹንም “ለልክ” ብሎ። ለልክ ብቻ?

ጥቅምት 12
ጋራዡ ስደርስ ዳባሶ ብረት ከሚቀርጸው የቶርኖ ቤት ሰውዬ ጋር በስልክ ያወራል። በኦሮምኛ። ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ... ወይስ መሰለኝ? “ቢታ ባልኢሲ፣ ቢታ!” ሁለተኛውን ቃል አላውቀውም። ቢታን ግን ከብት ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ግዢ ነው። ማን ነው የሚገዛው? የእሷን ሞተር?

ጥቅምት 14
አቡነ አረጋዊ። ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ጋራዥ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ። እንደወጣሁ ሄድኩ። ቀኙን ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ከቶ ያወዛውዛል። ልል!
“ሲሞቅ ያብጣል ጋሼ። ካጠበቅሁት ነክሶ ይቀራል። ግራው ሲሊንደር ገና ቶርኖ ይገባል።”
“አይገባም! ገዢህን ሌላ ቦታ ፈልግ!”
“የምን ገዢ?”
ሞተሩን በጋሪ አስጭኜ፣ በዚያ ጭቃ፣ ወደ ቤት። ሰው ሁሉ ያያል። ሌባ ያልኩት ያህል ነው። ልበል እንጂ!

ጥቅምት 17
ጡረታ የወጣ የጦሩ መካኒክ ገጠመልኝ። “ግራው በጣም ጠብቋል” አለ። “ይጥበቅ” አልኩ። ተነሣ... ድምፁ ደስ ሲል! የጎረቤቴ የጉያቱ ስንዴ ገና ሳያልቅ ጮኸና ቀጥ አለ። ግራው ነክሷል።

ጥቅምት 18
ጉያቱ የተረፈ ስንዴዋን ልትወስድ መጣች። የዳባሶን ነገር ነገርኳት፣ ቃሉንም ጭምር። ሆዷን ይዛ ሳቀች።
“ይሄን ሁሉ ዓመት ነገሌ ኖረህ! ጠበቅ ካለ ግዢ ነው። ላላ ካለ ግራ። ‘ግራውን አስፋው’ ነዋ ያለው!”
ከላይ የጻፍኩትን አየሁ። በፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። ቃሉንም ፒስተኑንም ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 27
ሞተሩን መልሼ ወሰድኩለት። ዳባሶ ሌላ ፒስተን አስመጣ፣ ግራውን ሲሊንደር አስፍቶ ገጠመው። የሆነውን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። “ምንም አይደል ጋሼ” አለ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። ወፍጮው ይፈጫል፣ ዱቄቱም አይሸትም። ተመስገን።
ከሰዓት ላመሰግነው ጋራዡ ሄድኩ። እናቱ ወተት ይዛለት መጣች። አማርኛ አትሰማም። “ናጋ?” አለችው። እኔን አየት አደረገኝና ጮክ ብሎ፣ “ደህና ነኝ እማዬ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ” አላት።
ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።