የእኔ ገና እና የአማቼ ገና

ታኅሣሥ 9/88፣ ማክሰኞ

ማሽላው ላይ ወፍ ስጠብቅ ዋልኩ። ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። አማቼ ኦሞድ ከጋምቤላ መጣ። ደረቅ ዓሣ ይዞልኛል። ጾም ነው አልኩት።

"ዓሣ ሥጋ ነው እንዴ አባባ?"

ነው አልኩት። ግድግዳው ላይ ሰቀለው። አንተ ይለኛል፤ አማርኛው እንዲያ ነው፣ ክፋት የለውም።

የመጣበት ጉዳይ፦ ሰኞ ገና ነው፣ ናና የልጅ ልጅህን ታቅፈህ መርቅ ነው። ሰኞ 15 ነው እኮ! ገና በ29 ነው አልኩት። የእናንተ ጌታ ወሩ ሳይሞላ ነው የተወለደ? ሳቀ። መልአኩ ማርያምን በመጋቢት አበሠራት፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ ነው አለ። ሚሲዮን ቤት ተምሮት ነው። የእኛም ከመጋቢት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ እንዴት ሁለት ሆነ? ግራ ገባኝ። ለእሱ ግን አላሳየሁትም።

በ29 ኑ፣ ዶሮ አርዳለሁ፣ ያኔ እመርቃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

አልሄድኩም። ሽሮዬን በላሁ። ደጅ ተቀምጬ ከጋምቤላ የሚመጣውን የአቦቦን መንገድ ሳይ ዋልኩ፤ ምን እንደምጠብቅ እንጃ። ሕፃኑን ማን ታቅፎት ይሆን? የኦሞድ አባት ነዋ። እኔ ደግሞ ከአንተ ከደብተር ጋር።

ታኅሣሥ 19

የአይሱዙው ሾፌር የልጄን የውዴን ቃል አመጣ። ቀን ከልጄ ከበለጠበት ገናውን ብቻውን ይብላ፣ በ29 አልመጣም ብላለች። ይሄን እልህ ከየት ተማረችው አልኩ።

"አያ ሞላ፣ ቤትህ መስታወት የለም?" አለኝ።

እናቷ ታንጉት ብትኖር ታስታርቀን ነበር። እ/ር ነፍሷን ይማር። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

እኔ ግን ያልኩትን ብያለሁ። 29 ነው።

ታኅሣሥ 28፣ እሁድ። ረፋድ

ሌሊት ከበሮ ሰማሁ። ለእሁድ ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ጎረቤቴ ወርቄ ጠላ ይዛ እንኳን አደረሰህ አለች። ለምኑ? ለገና። ገና ነገ ነው አልኳት።

"ኧረ አያ ሞላ! ዘመነ ዮሐንስ አይደል እንዴ?"

ዱላዬን ይዤ ቄሱ ጋ ሄድኩ። ልጣላ ነው የሄድኩት።

ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ነበረች አሉኝ። ከመጋቢት 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው የሚቆጠር። ጳጉሜን አንድ ስትጨምር ማኅፀን ቀን አይጨምርም፤ ልደቱ ወደ 28 ይመጣል። ባራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ።

እንዴት አላወቅሁም? ለካ ታንጉት ነበረች። ነገ ገና ነው፣ ዶሮውን እሰር ትለኛለች፣ አስራለሁ። ስንተኛው ቀን ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ያወቅሁ መስሎኝ ኖርኩ።

የሚሲዮኖቹስ አልኩ። እነሱም ዘጠኝ ወሩን ይቆጥራሉ፣ መነሻቸው ግን ከእኛ መጋቢት ይቀድማል አሉ። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? አልኳቸው።

"ቀኑን አይቶ የጻፈ የለም አያ ሞላ። አባቶች ናቸው የቆጠሩት።"

ይኸማ መልስ ነው? እየተናደድኩ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ውዴን አሰብኩ። እሷስ መቼ ተወለደች? ወሎ፣ ለሰፈራ ወደዚህ ሳንመጣ፣ ገብስ ሲታጨድ። ከዚህ ሌላ አላውቅም። መወለዷን ግን አውቃለሁ።

ጾሙ ተፈታ። ቤት ያለው የአማቼ ዓሣ ነው። አወረድኩት፣ ጠብሼ በላሁት። ጨው በዝቶበታል። ጨረስኩት።

አሁንም አልገባኝም። የእኔው 29 ከእጄ ወጣ፣ የእነሱም 15 አለፈ። አይሱዙው ዛሬ ወደ ጋምቤላ ይመለሳል። ዶሮውን አስሬያለሁ። አባቴ ቀን ስቶ መጣ ብላ ትሳቅ። ኦሞድም ይሳቅ። የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ልጁን ስታቀፍ ምን ብዬ እንደምመርቀው...