ደረቅ እግር በጠላትሽ

ይድረስ ለልጄ ልጅ፤ ቡሬ ላይ ቤት ሠርታ አያቷን ለረሳችው።

ክረምቱን እንደምን ተወጣሽው? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ ያ አዲሱ ጣራሽስ? እዚህ በቆሎው ሰው አክሏል። አያትሽ እንደ ድሮዋ ትቆጣለች፤ ደህና ናት ማለት ነው። እኔም ከጉልበቴ በላይ ተመስገን እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ከጉልበት በታች ያለውን ወሬ ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። አትቸኩዪ፤ የሽማግሌ ወሬ አይዘለልም።

ስልኩ እንደሆነ ሞቷል። አጎትሽ ቢያድግልኝ ቀፎውን ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት ከርሞ ተወው። ስለዚህ የቄስ ትምህርቴን አቧራ አራግፌ በእጄ ጻፍሁ። የሚያደርስልሽ የበርበሬ ነጋዴው ዘሚካኤል ነው፤ ምሳ አብዪው።

መጀመሪያ ግን ልቆጣሽ።

በሰኔ መጥተሽ፣ አባባ፣ ስኳር አለብዎ፣ በክረምት እግርዎን እንደ ዓይንዎ ይጠብቁ ብለሽ፣ ቦቲና ካልሲ፣ ቫዝሊንና መስታወት ጥለሽልኝ ሄድሽ። ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፣ በጣትና በጣት መካከል ያድርቁ፣ እሳት አይሙቁ፣ ባዶ እግርዎን ከደጅ አይውጡ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ቦቲሽን ጭቃው ጨብጦ ያስቀረዋል፤ እግሬ ብቻውን ይመጣል። ዝናቡም ባፉ ገብቶ እንደ እንስራ ይሞላዋል። ቦጭ ቦጭ እያልሁ ስሄድ ልጆቹ፣ አባባ ጠላ ይዘው መጡ ይላሉ። ካልሲውንስ በክረምት ምን ፀሐይ ያደርቀዋል? አያትሽ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። የንስሐ አባታችን ገብተው ሽቅብ አዩና፣ እናንተ ሰዎች፣ በሐዋርያት ጾም ቋንጣ ሰቀላችሁ? ብለው ሊገዝቱን ነበር። መስታወቱን መሬት አስቀምጬ ውስጥ እግሬን ሳይ ደግሞ አያትሽ፣ ሰው በስተርጅና ፊቱን ማየት ሲያፍር እግሩን ማየት ይጀምራል? አለችኝ።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያንገበገበችኝ ትርሲት ናት፤ የጤና ኬላዋ ልጅ። ጎንበስ ብላ ጣቶቼን ፈልቅቃ አየችና፣ በሰው ፊት፣ አባባ፣ እግርዎ ሁልጊዜ ደረቅ መሆን አለበት አለችኝ።

ደረቅ እግር በጠላትሽ! አልኋት።

እኔን ነው? አገሩ ሁሉ እግረ እርጥብ የሚለኝን? አዲስ ቤት ሲገባ፣ ሙሽራ ሲመጣ፣ መጀመሪያ እሱ ይርገጥልን የሚባልልኝን? እግረ ደረቅማ የረገጠው ቤት ላሙ የሚነጥፍበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ነው። ትርሲት ሳቀች። የእኔ ደረቅ ሌላ ነው አባባ አለች። ባማርኛ ስንት ደረቅ አለ? አልኋት። ቀጥላም፣ እግርዎ እኮ አይሰማም አለችኝ። እግር ሲሰማ የት አየሽ፤ የሚሰማው ጆሮ ነው ብዬ ሰዉን አሳቅሁባት። ይህን ቀልድ ከዚያ ወዲህ አልደገምሁትም።

በሐምሌ መልካሙ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው፣ አዲሱን ቤቴን ይርገጡልኝ ብሎ ጠራኝ። ቃልሽን አክብሬ ቦቲዬን አጥልቄ ሄድሁ። ከበሩ ስደርስ እናቱ እግሬን አየት አድርገው፣ ዘንድሮ በላስቲክ ነው የሚመርቁን? አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እስቲ ፍረጂኝ፤ እግረ እርጥብ የተባለ ሰው፣ ያን በመሰለ ዝናብ፣ የደረቀ እግሩን ላስቲክ ውስጥ ደብቆ ቤት ይባርካል? ይህማ የውሸት ምርቃት ነው። አወለቅሁና ከአጥሩ ሥር ጣልሁት። ጭቃውን በባዶ እግሬ አቋርጬ፣ ላምህ አይንጠፍ፣ ጎተራህ አይጉደል ብዬ ገባሁ። ጠላው ጥሩ ነበር። እስክስታም ወርጃለሁ።

ማታ አያትሽ ልታጥበኝ ግራ እግሬን ብታነሣ፣ የቆርቆሮ ሚስማር እስከ ራሱ ገብቶ ተቀምጧል። በላዩ ሄጃለሁ፣ በላዩ ጨፍሬያለሁ፤ ምንም አላወቅሁ። ትርሲት ስለ ጆሮ እንዳልተናገረች ያን ጊዜ ገባኝ።

የመልካሙ ላም ወለደች። እግሬ አልዋሸም።

ትርሲት አጥባ ጠቀለለችልኝና ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሂዱ አለች። መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪና የለም። መንገዱ እስኪከፈት እግሬ አልታገሠም፤ ጠቆረ፣ ሸተተም። በመጨረሻ ቢያድግልኝ ጎልማሶቹን ሰብስቦ በቃሬዛ እስከ ማንኩሳ፣ ከዚያም በጋሪ ወሰዱኝ። በየመንገዱ ሴቶቹ ቃሬዛውን ሲያዩ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ይጀምራሉ፤ እኔ አንገቴን ብቅ አድርጌ፣ ገና ነኝ እቴ! እላቸዋለሁ።

ሐኪሙ የጨዋ ልጅ ነው። ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አንድ ነገር ለመነኝ። የለመነኝን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። እሺ አልሁት። ካንቺ ጋር እሺ ማለት ለምጄ የለ?

አሁን ቤቴ ነኝ። የሚያበግነኝ ሕመሙ አይደለም፤ ሰዉ ነው። ሊጠይቀኝ የገባ ሁሉ ፊቴን ትቶ ከብርድ ልብሱ ግርጌ ያፈጣል። ለእንቁጣጣሽ ማለዳ የመንደሩን ደጅ ስረግጥ የኖርሁት እኔ፣ ዘንድሮ የጠራኝ የለም። ሌላ ሽማግሌ ጠሩ። ያውም ያንን፣ የገዛ ንቡ ጥሎት የኰበለለውን! አጎትሽ ደግሞ ከዋንዛ ባላ እየጠረበልኝ ነው። የትኛው ጎጆ ሊወድቅ ነው ባላ የምትጠርበው? ስለው፣ ወደ ጓዳ ዞሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ካልሲ እንዳትልኪ። ያለው በእጥፍ ሆኖልኛል። ትእዛዝሽንም እፈጽማለሁ፤ ማታ ማታ ታጥቤ በጣቶቼ መካከል አደርቃለሁ። አሁን ቶሎ ነው የሚያልቀው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። ለኅዳር ሚካኤል አዲሱን ቤቴን የሚረግጡልኝ እርስዎ ነዎት ብለሽኝ ነበር። መንገዱ ይከፈት እንጂ በበቅሎም ቢሆን እመጣለሁ። ይህን አንብበሽ ሌላ ሰው መጥራት ካማረሽ ከአሁኑ ላኪብኝ፤ አልቀየምም። ዋሸሁ። እቀየማለሁ።

ጣራሽ የዝናብ እንጂ የለቅሶ ድምፅ አይስማ። ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ ማጀትሽ አይጉደል። እግርሽን ከሚስማር፣ መንገድሽን ከክፉ ይሰውርልሽ። አሜን በዪ።

በቀኝ እግርዎ እንዲገቡልኝ አደራ ብለሽም ነበር። በዚህስ አትስጊ። ከእንግዲህ ልሳሳት ብል እንኳ በግራ አልገባም።

የአባትሽ አባት፣
እግረ እርጥቡ