አባወራችን ሴት ናት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእማ የመጨረሻ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤንነትህ እንዴት ነው? ጣቶችህስ? በዚያ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ እጅ ይደነዝዛል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ሐሳቤ ከጣቶችህ አልተነሣም። የላክሁልህን የሱፍ ጓንት ታደርገዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለሰው ሰጥተኸዋል? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? አብሮህ ከሚኖረው ልጅ ጋርስ ታረቃችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ካንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እማ ጉልበቴን ከማለት አታርፍም እንጂ ደህና ናት፤ ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብልህ ያንስብኛል። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው!

ዓሦችህ ፈለፈሉ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው፤ ካላመንክ ተመልሰህ አንብበው። ይህን ስጽፍልህ ከጀርባዬ ባለው ክፍል ሦስት መቶ የሚሆኑ ጫጩቶች እናታቸውን ከበው ይዋኛሉ። አንዳንዱ ከነጭራው የመርፌ ጫፍ አያህልም። ትናንት ደንበኛዬ ለመጋረጃ ልኬት ብትመጣ፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እጇን ይዤ የመስታወት ገንዳው ፊት አቆምኳት። ሴትዮዋ መስኮቷ ስንት በስንት እንደሆነ ሳትነግረኝ ነው የሄደችው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በስልክማ አውቅሃለሁ፤ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ደግሞም እስካሁን አፌን የያዝኩት ፈርቼ ነው፤ ተስፋ ሰጥቼህ እንደገና ባዶ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር? አሁን ግን ለእረፍት የመጣው የሥራ ባልደረባህ ነገ ይመለሳልና በእጁ እልክልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። አንብበህ ሳትጨርስ ደግሞ ያን አድሰዋለሁ ያልከውን የሥራ ውል እንዳትነካ።

መቼም አትረሳውም፤ ያን አንድ ክፍል እኔ ከመጋረጃዎቼ፣ አንተ ከዓሦችህ ጋር ለሁለት ተካፍለነው ነበር። ኦስካር የሚባሉትን ሁለት ዓሦች ጣት ሲያህሉ ገዝተህ እንደ ሰሐን እስኪሰፉ አሳደግሃቸው። ኦስካር ሲክሊድ ከሚባል የዓሣ ወገን ነው፣ የምንበላው ቆሮሶም ዘመዱ ነው ብለህ ለእማ ከነገርካት ቀን ጀምሮ «ታዲያ ቆሮሶ ከሆነ የማይጠበሰው ለምንድን ነው?» ማለቷን አላቆመችም። ትልቁንና ቁጡውን አባወራ አልከው፣ ረጋ ያለችውን እማወራ። አራት ጊዜ እንቁላል ጣሉ። አራቱንም ጊዜ ድንጋዩ እስኪሸፈን ድረስ ስለጣሉ «ይህን የሚያህል እንቁላል የትም አይታይም» እያልክ ጎረቤት ትጠራ ነበር። አራቱንም ጊዜ እንቁላሉ እንደ ጥጥ ነጥቶ ሻገተና ራሳቸው በሉት።

ውኃውን ቀየርክ፣ ማሞቂያውን ቀየርክ፣ ምግባቸውን ቀየርክ። ከአራተኛው በኋላ ገንዳው ፊት ተቀምጠህ «እኔ የነካሁት ነገር አይበረክትም» አልክ። ሱቅህ ከተዘጋ ዓመት፣ እጮኛህ ቀለበቱን ከመለሰች አምስት ወር ሆኖ ነበር። እኔ መቀስ በእጄ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በወሩ የሥራ ውል ፈርመህ ሄድክ።

ከዚያ ባለፈው ደብዳቤህ ያንኑ ቃል ደግመህ ጻፍክልኝ። ዓሦቹን ለዓሣ ሻጩ ስጪልኝ አልክ፤ ውሌ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ሲያልቅ ለሦስት ዓመት አድሰዋለሁ፣ እዚያ መጥቼስ ምን ልሠራ፣ የነካሁት አይበረክት አልክ። እኔም ያልከኝን ልፈጽም ዓሣ ሻጩን ጠራኋቸው። ታውቃቸዋለህ፣ የገበያው መግቢያ ላይ ያሉት፣ ሁልጊዜ እጅጌያቸው እርጥብ የሆነው አዛውንት ናቸው። ትልቅ ባልዲና መረብ ይዘው መጡ። የመጡበት ቀን ደግሞ ዓሦችህ ለአምስተኛ ጊዜ እንቁላል የሚጥሉበት ቀን ሆነና፣ እስኪጨርሱ እንጠብቅ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ትንሽ እንዳዩ የእጅ ባትሪ ስጪኝ አሉኝ። አበሩ፣ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና አደረጉት። ከዚያ «ልጄ፣ ወንዱ የቱ ነው ያልሽኝ?» አሉኝ። ትልቁ ነዋ፣ አባወራው፣ አልኳቸው። «አባወራውም ሴት ናት» አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ለካ ኦስካር ወንድና ሴቱ በመልክም በመጠንም በቁጣም አይለይም! የሚለየው እንቁላል በሚጣልበት ሰዓት ከሆድ ሥር ብቅ በምትል ትንሽ ቧንቧ ነው፤ የወንዱ ቀጭንና ሹል፣ የሴቷ ወፍራምና ደንዳና። የሁለቱም ወፍራም ነበር። ወንድ ሲጠፋ ሁለት ሴቶች ይጣመሩና ድንጋይ ያጸዳሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከባልና ሚስት የሚለያቸው ነገር የለም፣ እንቁላሉ ባዶ ከመሆኑ በቀር። ያ ጎረቤት የምትጠራለት ብዛትም የሁለት እናት እንቁላል ሆኖ ነው። አባወራው ተቆጣ፣ አባወራው ዛሬ አልበላም እያልን ስንት ዓመት ሽር ጉድ ያልንላት ሴትዮ!

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። አዛውንቱ ደንግጠው ምን ሆንሽ ቢሉኝ፣ አንተ ያልከውን ነገርኳቸው። ባትሪውን አጥፍተው ውኃውን በመዳፋቸው ቀድተው አሸተቱት፣ ማጣሪያውን ከፍተው አዩ፣ የዓሦቹን ክንፍ አንድ በአንድ አዩ። ውኃው ልክ ነው፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ እንደዚህ ጤነኛ የሆኑ ኦስካሮች ሱቄ ውስጥም የሉኝም አሉ። «ሴትን ከሴት ጋር አስቀምጦ ማንም አያስፈለፍልም፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ብሞክር አላስፈለፍልም» አሉኝ። ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ።

ባልዲው ግን ባዶውን አልተመለሰም። አባወራዋን ወስደው በምትኳ ወንድ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። መጀመሪያ አንገራገሩ። የሱቃቸው መስኮት በፀሐይ እየተመታ ገንዳዎቻቸው ሁሉ አረንጓዴ መልበሳቸውን አስቀድሜ አይቼ ስለነበር፣ ወፍራም መጋረጃ ልስፋልዎት ስላቸው ተስማሙ። እኔ እህትህ መቼም ምላሴ አያሳፍረኝም።

ወንዱ መጣ። ክንፉ የተበጣጠሰ፣ አንድ ዐይኑ የፈዘዘ፣ መልከ ጥፉ ነገር ነው። እማ ገና ስታየው «ሙሽራው ይሄ ነው?» አለችና ስሙ ሙሽራው ሆኖ ቀረ። በገባ በሰዓቱ የእማወራን ጭራ ቀደደው። እኔ ስጮህ ባለቤቴ ሮጦ የፍራፍሬ ሳጥን ጎን ቆርጦ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ፕላስቲክ መካከላቸው አቆመ። ዐሥራ አንድ ቀን ግራና ቀኝ ሆነው ሲፋጠጡ ሰነበቱ። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ዛሬ እየተንቀጠቀጡ ሰላም ተባባሉ» አለችኝና መለያያውን አነሣነው። አፍ ለአፍ ተያይዘው ሲጓተቱ፣ አለቀ፣ ገደላት ብዬ ለዓሣ ሻጩ ደወልኩ። ትውውቅ ነው፣ ተያቸው አሉኝ። እውነትም በሳምንቱ ባለቤቴ የከተተላቸውን የወለል ሸክላ ሁለቱም በአፋቸው ሲያጸዱ አየኋቸው።

እንቁላሉን የጣሉት ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ለአዳራሽ የታዘዘ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። ሳያቸው እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ፤ የስፌት መኪናው ወለሉን ያንቀጠቅጣል ብዬ ባለቤቴን ጠርቼ ለሁለት ተሸክመን ወጥ ቤት አገባነው። እስከ ዛሬም የምሰፋው በሽንኩርትና በድስት መካከል ነው፤ ደንበኛ መጋረጃዬ ቁሌት ቁሌት ይላል ካለኝ ተጠያቂው አንተ ነህ። ያኔ ዓሣ ሻጩ የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ እንቁላሉ ሲወጣ ነጣ ይላል፣ በነጋታው ሕይወት ያለው ወደ ማር መልክ ይዞራል፣ ባዶው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ተነሥቼ ወደዚያ ክፍል መግባት ፈራሁ። በሩን ይዤ ቆሜ ያንተ ፊት ነበር የሚታየኝ።

ማር ሆኗል! ወንድሜ፣ ሸክላው በሙሉ ማር ሆኗል! ነጭ የቀሩት ሃያ ቢሆኑ ነው፤ እነሱንም እናትየው አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች። ጩኸቴን ሰምታ እማ እሳት የተነሣ መስሏት ጆግ ሙሉ ውኃ ይዛ ደረሰች። ነገሩ ሲገባት ጆጉን አስቀምጣ ግንባሬን ሳመችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጭራቸው መርገብገብ ጀመረ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና የአየር ፓምፑ ቆመ። ውኃውን በኩባያ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈስስ ጀመር፤ እኔ ሲደክመኝ ባለቤቴ፣ ባለቤቴ ሲደክመው እማ። መብራት እስኪመጣ አራት ሰዓት ፈጀ። ያቺ ጥበሱት የምትል እናትህ ጉልበቷን ትራስ ላይ አሳርፋ፣ ኩባያውን አልሰጥም ብላ፣ «ኑሩ እናንተ፣ ለልጄ ስትሉ ኑሩ» ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ኖሩ። ከሳምንት በኋላ ከወለሉ ተነሥተው መዋኘት ቻሉ። አሁን በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በጨው ውኃ የሚፈለፈሉ፣ ለዐይን የሚያስቸግሩ ደቃቅ ነገሮች እያስፈለፈልን በቀን አራት ጊዜ እናበላቸዋለን። ሆዳቸው ሲሞላ ብርቱካን ይሆናል፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ሳታይ ትምህርት ቤት አትሄድም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሉም አያድጉም። ትናንት ስድስት፣ ዛሬ ሁለት አወጣሁ። ወደፊት ገንዳው ይጠባቸዋል፣ ውኃ መቀየሩም ከአሁኑ ወገቤን ይዞኛል። ዓሣ ሻጩ ግን በየሁለት ቀኑ እየመጡ ያዩዋቸዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የሱቃቸውን የኋላ ክፍል ይዞ ዓሣ የሚያራባ የሚያምኑት ሰው ይፈልጋሉ፣ እና ልጁ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል። እኔ እንጃ አልኳቸው። በአንተ ፋንታ መልስ መስጠት አልፈለግሁም።

አሁን የከበደኝን ልጻፍልህ። ያን ቀን በሩ ላይ ዝም ያልኩህ የምለው አጥቼ አይደለም። ሱቁን አየሁ፣ ቀለበቱን አየሁ፣ እንቁላሉን አየሁና፣ እውነቱን ይሆናል ብዬ አመንኩህ። እህትህ ሆኜ አመንኩህ። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲያንገበግበኝ የኖረው ይህ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ መለያያውን እኔ እንደሠራሁት ጻፊለት ብሎ ሦስት ጊዜ አስታውሶኛል። ልጄ ጉንጭህን ስማ፣ ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን ፎቶ እሷ እንዳነሣችው እንድታውቅ ትፈልጋለች፤ የደበዘዘው ሙሽራው ካሜራውን ሊነክስ ሲመጣ ነው። ዓሣ ሻጩ አክብሮታቸውን ልከዋል። እማ ዐይንህን ትስማለች፤ እማ ና ትልሃለች ብዬ ልጻፍለት ወይ ብላት፣ አይሆንም፣ ደስ ያለውን ያድርግ፣ ጫጩቶቹን ግን ደህና አድርገሽ ጻፊለት አለችኝ።

እኔም ና አልልህም። ለገንዘቡም ከሆነ ፈርም፤ ቦታውን ወደኸውም ከሆነ፣ እዚያ የምትወዳት አግኝተህም ከሆነ ፈርም፤ እኔ ዓሦቹን አሳድጋለሁ። የነካሁት አይበረክትም ብለህ ብቻ እንዳትፈርም። እሱ ውሸት ነበር።

የምትወድህ እህትህ፣
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ከስፌት መኪናው ጎን
ረቡዕ ጠዋት፣ ወሩ ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው