የጸሎት ርዕስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ማታ

ወርቅ ቤቱን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ከፒያሳ በእግሬ ወደ ቤ/ክ፣ ልምምድ። አዲስ ዘማሪ መጥታ እኔ ጋ መደቧት። በቡድናችን አዲስ ሰው እስኪለምድ ከነባር አጠገብ ይቆማል፣ ያለ ማይክ። ሊያ ትባላለች፤ አምስት ኪሎ አስተማሪ ናት። ወፍራም ድምፅ፣ ፈጣን ጆሮ። «እትዬ አስቴር» ስትለኝ፣ እዚህ እህት ነው የምንባባለው አልኳት። የገናውን መዝሙር፣ የእኔን አልቶ፣ የሴቶቹን ወፍራም ድምፅ፣ አስጀመርኳት።

ስንወጣ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሸኘችኝ። ዜማው ከፍ የሚልበት ላይ አፌን ብቻ እንደማንቀሳቅስ አይታለች! ማንም ያላየውን። ነገርኳት። ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ፤ ዶ/ሩ ለጊዜው አሳርፊው ብሎኛል፤ ገናን ዘምሬ አርፋለሁ፣ ለቡድኑም ያኔ ራሴ እናገራለሁ። ከእኔ አይወጣም አለች። ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ ካንተ በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነው። ቀለለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ባንኮኒው ላይ ለደንበኛ ሐብል ሳሳይ ስልኬ አላርፍ አለ። የቡድኑ ቴሌግራም። ሊያ ለጥፋለች፦ «የጸሎት ርዕስ። እህት አስቴር ጉሮሮዋን ታማ ሐኪም መዘመር አቁሚ ብሏታል። ጌታ ይጎብኛት።» ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን።

«ለጊዜው» የት ገባ? አንዲት ቃል አወጣች፤ እኔን ከመዝሙር አወጣችኝ።

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ፣ የብር ጌጥ ነጋዴው፣ ዝንጅብል ይዘው መጡ። ሚስታቸው ከእኛው ቤ/ክ ሰው ሰምታ። «አስቱ፣ እናንተ ዘንድ ወሬ ዓይን ተጨፍኖ ነው እንዴ የሚወራው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ሲወጡ ግን የሊያን መልእክት እንደገና አነበብኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የቡድኑ መሪ ወንድም ብሩክ ደወለ። ፍቅር በፍቅር። አንቺ ዕረፊ፤ የገናውን ሊያ ትዘምረዋለች፣ አስጀምረሻት የለ አለኝ። ሐኪሙ በትክክል ምን እንዳለኝ አልጠየቀም። ስንት ገና አብረን ዘምረን፣ አንድ ጥያቄ ነፈገኝ።

ከሰዓት ሊያ ሱቅ መጣች። የነገርኩሽን ለምን አወጣሽ አልኳት። ደነገጠች። «እንዴ! አላወራሁም እኮ፣ እህት አስቴር። እንዲጸለይልሽ ነው።» እየዋሸች አይደለም። አታላይ አውቃለሁ፣ ስንቱን በዚህ ባንኮኒ አይቻለሁ፤ ዓይኑ ይሸሻል። የሷ አልሸሸም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከድታኝ፣ መክዳቷን እንኳ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ረፋድ

ሌሊቱን ተኛሁ። ንዴት አብርዶ ማሰብ ይሻላል።

ብቀር፣ እውነትም አበቃላት ይላሉ። ሌላ ቤ/ክ ብሄድ፣ አኮረፈች። በግድ ገናን ብዘምር፣ ሁሉም መዝሙሩን ትቶ የድምፄን ስንጥቅ ሊያዳምጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልምምድ እሄዳለሁ። ብሩክ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል እቀድማለሁ። ሐኪሙ ያለኝን ሳላጎድል፣ በራሴ አፍ። ከዛሬ አርፋለሁ፤ ከገና በኋላ ቦታዬ ላይ ነኝ፤ ቦታዬን ለማንም አትስጡ።

ሊያስ? መዝሙሩ አልበደለኝም። አልቶውን አስጨርሳታለሁ፣ ያውም አጥርቼ። ከዜማው ውጪ ግን ከእኔ ምንም አትወስድም። እንዴት ነሽ ካለችኝ፣ ደህና። ድምፅሽስ ካለችኝም፣ ደህና።